«ምን ይላል?»

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራኖቻችን፣ ወላጆች፣ አብረን የተማርን ጓደኞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ተማሪዎችን ወክዬ እንድናገር ስጠየቅ «አጭር ይሁን» ተብያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ማንበብ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ኮርስ ጨርሶ ስለ ማንበብ ማውራት ምን አመጣው እንዳትሉኝ። ወደዚያው ልምጣ።

ለኮምፒውተር አዲስ የሆነ ሰው መነካካት ይፈራል። «ባበላሸውስ?» ይላል። አብዛኞቻችን እንዲሁ ነበርን። ፍርሃቱን ያቀለለልን ረጅም ማብራሪያ አይደለም። ኮንትሮልና ዜድ ናቸው። አንድ አንቀጽ በስህተት ጠፋ? ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ይመለሳል። ሁሉን ነገር ይመልሳል ማለቴ አይደለም፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ኮምፒውተሩ በድንገት ከጠፋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ግን ሴቭ ማድረግንና ወደኋላ መመለስን የያዘ ሰው ለመሞከር ይደፍራል።

ድፍረቱ ሲመጣ ደግሞ ጥድፊያ ተከተለ። ስክሪኑ መሃል ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች። ምን እንደምትል ሳናይ አንዱን ቁልፍ ተጭነን እንገላገላታለን። ከዚያ «መምህር፣ እምቢ አለኝ!» እንላለን። እሳቸውም ሁልጊዜ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ምን ይላል?» እኛ ደግሞ አላነበብንማ!

ሲነበብ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነገር ነው። ፋይል ልትዘጉ ስትሉ «የቀየርከው ይቀመጥ?» ይላል። ምርጫው ሦስት ነው፤ ይቀመጥ፣ አይቀመጥ፣ ካንስል። ካንስልን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ የለፋበትን ሁሉ የሚያጠፋበት ይመስለዋል። እሱ የሚያስቀረው መዝጋቱን ብቻ ነው። ወደ ጽሑፋችሁ ይመልሳችኋል። ግራ ለገባው ሰው ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ስንደርስ የማንበብ ነገር ይበልጥ ከበደ። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ይመጣል። ሊንኩ ውስጥ የባንካችሁ ስም አለ። ታዲያ ይታመን? መምህራችን ያሳዩን አነባበብ ይህ ነው። ከሁለቱ ስላሾች፣ ማለትም ከሁለቱ ዘንበል ያሉ መስመሮች (//) ቀጥሎ ጀምሩ፣ ቀጣዩ ስላሽ (/) ጋ ስትደርሱ ቁሙ። የገጹ ባለቤት የሚታወቀው እዚያ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለምሳሌ አድራሻው በነጥብ ኮም የሚያልቅ ከሆነ ከኮም በፊት ባለው ስም። የባንካችሁ ስም ፊት ላይ ተደንቅሮ፣ ከኮም በፊት ያለው ግን የማታውቁት ስም ከሆነ፣ ገጹ የባንካችሁ አይደለም። ፓስወርድ እንዳትሰጡት። አድራሻው አጠገብ የምታዩት የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክትም አያታላችሁ። የምትልኩትን ሌላ ሰው መንገድ ላይ እንዳያነበው ይጠብቃል እንጂ፣ ተቀባዩ ሌባ አይደለም ብሎ አይመሰክርም።

ስለ አማርኛ አጻጻፍም ትንሽ ልበል፤ እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ አንድ ዓይነት ቁጥር በሚሰጡበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ አንዱ ጋ የጻፍነው አማርኛ ሌላው ጋ አማርኛ ሆኖ የሚከፈተው በዚያ ምክንያት ነው። ግን ኮምፒውተር እንደኛ አያነብም። ለእኛ «ሐኪም» እና «ሀኪም» ያው ናቸው። ለእሱ ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በአንዱ የጻፋችሁትን በሌላው ብትፈልጉት «የለም» ሊላችሁ ይችላል። አለ እኮ! እንግዲህ የፈለጋችሁትን ስታጡ ፊደሉን ቀይራችሁ እንደገና ሞክሩ።

ለጓደኞቼ አንድ ነገር አለኝ። መምህራችን ማውሱን ከእጃችን ነጥቀው «እንዲህ ነው» ብለውን አያውቁም። እኛ ግን እናታችን ወይም ታላቅ ወንድማችን «እስቲ ይህን ላክልኝ» ሲሉን፣ ላክ አድርገን መገላገል ይቀናናል። እባካችሁ እነሱ ይያዙት። ቢዘገዩም ይዘግዩ።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ ልመና አለኝ። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ስልክ ብቻ ነው። ኤፍና ጄ ላይ ያለችውን እብጠት በጣት ዳስሶ፣ ኪቦርዱን ሳያዩ መጻፍ በስልክ አይለመድም። ፋይሎችን በፎልደር ማደራጀትም እንዲሁ። ጣት ካልሠራ ቶሎ ይረሳል። ስለዚህ የኮምፒውተር ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭም ይከፈትልን። «ማን ይጠብቃል?» እንደምትሉ ገምተን ተራ ለመግባት ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎችን ስም መዝግበናል። ዝርዝሩ መምህራችን ጋ አለ። መልሳችሁን እንጠብቃለን።

አመሰግናለሁ።