ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሊግ ከየት መጣ? በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አዘጋጆቹ «ስለ ደብልዩ ሲ ኤ ሲ ታሪክ ትንሽ በለን» አሉኝ። ሙሉ ስሙ የዋሽንግተን ካቶሊክ አትሌቲክ ኮንፈረንስ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ያሉ የግል ካቶሊክ ሃይስኩሎች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ሊግ ማለት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጁን ዴማታ፣ ጎንዛጋ፣ ሴንት ጆንስ፣ ጉድ ካውንስል ወይም ኦኮኔል የሚያስተምር፣ ካልሆነም ማመልከቻ በእጁ የያዘ ወላጅ አይጠፋም።

እኛ ትምህርት ቤት ስንመርጥ ጥያቄያችን የታወቀ ነው። ስንት ነው? ሂሳብ ላይ እንዴት ናቸው? ልጄን ካቶሊክ ያደርጉብኛል ወይ? (የመጨረሻውን አሁኑኑ ልመልስና እንገላገል፤ ሌላ እምነት ያለውን ተማሪ ይቀበላሉ፣ የሃይማኖት ክፍሉን ግን እንደማንኛውም ትምህርት ይማራል።) ስፖርቱን «ይጫወት፣ ጉልበቱን ይጨርስ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ጠባይ ከየትም በላይ ሜዳው ላይ ይታያል ባይ ነኝ። ሊጉን ትልቅ ያደረገውም ገንዘብ ሳይሆን ማንን በበሩ እንዳስገባ ነው። ታሪኩን የማወራው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የራሳቸው የስቴት ሻምፒዮና አላቸው፤ የግሎቹ እዚያ አይገቡም። ሊጉ ደግሞ ሦስት ግዛት ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ሁሉንም አባላት አንድ ላይ የሚያጋጥም የስቴት ዋንጫ የለም። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች የሊጉ ዋንጫ በቃ ዋንጫው ነው። ትምህርት ቤቶቹም የተራራቁ ናቸው፤ ፖል ሲክስዝ ቻንቲሊ፣ ጉድ ካውንስል ኦልኒ፣ ጎንዛጋ ካፒቶል ሂል አጠገብ። ማክሰኞ ማታ ልጅ ጭኖ ቤልትዌይ ላይ፣ ያ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ የቆመ ወላጅ ይህን ጂኦግራፊ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ትምህርት ቤቶቹ ያረጁ ናቸው። ጎንዛጋ የተመሠረተው በ1821 ነው፣ ሴንት ጆንስ በ1851። ዴማታ ከእነሱ ጋር ሲተያይ ልጅ ነው፤ 1946። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። የሊጉም ስም ተቀያይሯል፣ በአንድ ወቅት ሜትሮ ኮንፈረንስ ይባል ነበር። ከአባላቱም የጠፉ አሉ። ማኪን የሚባለው ዛሬ የለም፤ ግን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ኦስቲን ካርን ያወጣው እሱ ነው። ካር ለኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት በ1970 በአንድ የኤንሲዬዬ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ውድድር ጨዋታ 61 ነጥብ አስቆጠረ፤ ያንን እስካሁን የሰበረው የለም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን አርችቢሾፕ ካሮል የሚባለው ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። በ1948 ፓትሪክ ኦቦይል የዋሽንግተን ሊቀ ጳጳስ ሆነው መጡ። ያኔ የዲሲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሕግ ለጥቁር ለብቻ፣ ለነጭ ለብቻ ነበሩ። ኦቦይል የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን አንድ በአንድ ማቀላቀል ጀመሩ። ካሮል በ1951 ሲከፈት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቁርም ነጭም የሚማርበት ሆኖ ተከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መለያየቱን የሻረው በ1954 ነው። ሦስት ዓመት ቀደሙ ማለት ነው።

ከዚያስ? ከ1958 እስከ 1960 ድረስ የካሮል ቅርጫት ኳስ ቡድን 55 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በቡድኑ ውስጥ ጆን ቶምፕሰን ነበር፣ ጆርጅ ሌፍትዊች ነበር፣ ቶም ሁቨር ነበር፤ ሦስቱም ጥቁሮች። ኤድዋርድ ማሎይ የሚባል ነጭ ልጅም ነበር። ቶምፕሰን በኋላ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን ቡድን አሰልጥኖ በ1984 የኤንሲዬዬን ከፍተኛ ዲቪዚዮን የወንዶች ሻምፒዮና ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆነ። ማሎይ ቄስ ሆኖ የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከ1987 እስከ 2005። እነዚህ ሁለት ልጆች በዚያ ዘመን በዚያ ከተማ ሌላ የት ነበር ኳስ የሚቀባበሉት?

ሁሉም ነገር እንዲህ አምሮ አልሄደም። በ1962 የታንክስጊቪንግ ቀን ሴንት ጆንስ ከኢስተርን ጋር በዲሲ ስታዲየም ተጋጠመ። በኋላ አርኤፍኬ የተባለው ስታዲየም ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ነው፣ የከተማው ዋንጫ። ኢስተርን የጥቁሮች የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሴንት ጆንስ በአብዛኛው የነጭ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። ለሃይስኩል ጨዋታ! ሴንት ጆንስ 20 ለ 7 አሸነፈ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ድብድብ ተነሳ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ያ የፉትቦል ዋንጫ ቀረ። አንዱ ትምህርት ቤት በሩን መክፈቱ ከተማውን አላስታረቀውም፣ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሞርጋን ውተን። ዴማታ ሃያትስቪል ውስጥ ነው፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ውተን እዚያ የታሪክ አስተማሪና የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነበር። ከ1956 እስከ 2002፣ 46 የውድድር ዘመን። 1,274 አሸንፎ 192 ተሸንፏል። የኮሌጅ ሥራ ቢቀርብለትም ሃይስኩሉን አልለቀቀም።

ጃንዋሪ 30፣ 1965 የሆነውን ላውራ። ከኒውዮርክ ፓወር ሜሞሪያል የሚባል ቡድን መጣ፣ 71 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈ። መሃል ላይ የቆመው ሉ አልሲንዶር ነው፤ በኋላ ካሪም አብዱልጀባር የተባለው፣ ያ ሰማይ የሚነካ ልጅ። ዓምና ዴማታ በሦስት ነጥብ ተሸንፎለታል። ውተን ምን አደረገ መሰላችሁ? ልምምድ ላይ የቴኒስ ራኬት አመጣ። ራኬቱን ወደ ላይ አስነስቶ ልጆቹን በእሱ ላይ አሻግራችሁ ወርውሩ አላቸው። የአልሲንዶርን እጅ የሚተካ ሌላ ነገር አልነበረማ! ወርዋሪው ኳሱን ከለመደው በላይ ቅስት አድርጎ ካልላከው ራኬቱ ይመልሰዋል። ጨዋታው የተደረገው ኮሌጅ ፓርክ፣ ኮል ፊልድ ሃውስ ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዴማታ 46 ለ 43 አሸነፈ።

ይህን ያወራሁት ለዋንጫው ብዬ አይደለም። ለወላጅ የሚጠቅመው ሌላው ቁጥር ነው። ውተን ለ30 ዓመት ያህል በተከታታይ ቡድኑ ውስጥ ያሉ ሲኒየሮች (የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች) በሙሉ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ እንዲያገኙ አድርጓል። ኮከቡ ብቻ ሳይሆን ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ጭምር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከ1,274ቱ ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

ልጆች፣ ይቺ ደግሞ ለእናንተ። ማርኬል ፉልትዝ ዴማታ አሥረኛ ክፍል እያለ ለዋናው ቡድን አልተመረጠም፣ ጄቪ በሚባለው ሁለተኛ ቡድን ነው የተጫወተው። በ2017 ኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመርጥ አንደኛ የተጠራው እሱ ነው። ቪክቶር ኦላዲፖም ከዴማታ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከናይጄሪያና ከሴራሊዮን የመጡ፣ እንደኛው ስደተኞች። አባቱ ዶክትሬት አላቸው። እንዲህ ያለ ቤት ኳስ እንዴት እንደሚታይ ለናንተ አልነግራችሁም። ልጁ በ2013 ሁለተኛ ተመረጠ፣ ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ይህ ሊግ የወንድ ብቻ አይደለም። የሴንት ጆንሷ አዚ ፈድ በ2019 የአገሪቱ ምርጥ የሃይስኩል ተጫዋች ተብላ የጌቶሬድን ሽልማት ስትወስድ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ በፊት አሥረኛ ክፍል ሆና የወሰደችው የለችም። ልጃችሁ «ልምምድ አለኝ» ስትላችሁ «ቤት ማን ይረዳኛል?» ከማለታችሁ በፊት ይህችን አስቡ።

ከቅርቡ ደግሞ የ2018ን የፉትቦል ፍጻሜ ያየ አለ? ጎንዛጋ በዴማታ 43 ለ 40 እየተመራ ነው፣ ሰዓቱ አልቋል በሉት። አሥረኛ ክፍል የነበረው ኬሌብ ዊልያምስ ኳሱን ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ በረጅሙ ላከው፣ ጓደኛው ከሰው መሃል ለቀመው። 46 ለ 43። አዎ፣ የ1965ቱ ውጤት ራሱ፣ አሁን ግን ዴማታ የተሸነፈበት። ዊልያምስ በ2022 የኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ሃይዝማንን ወሰደ፣ በ2024 ደግሞ ቺካጎ ቤርስ የሚባለው ፕሮፌሽናል የፉትቦል ቡድን አንደኛ መረጠው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ልጄን ነገውኑ» የሚል ይኖራል። ቆዩ። ዛሬ አብዛኞቹ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ጎበዝ ልጅ ሲገኝ ከሌላ ትምህርት ቤት መሳብ፣ ከዓመት ዓመት መዘዋወር፣ ይሄ ሁሉ አለ። ካሮል በ1951 በሩን የከፈተው ሌላ ቦታ ለተከለከለ ልጅ ነበር፤ አሁን በሩ ላይ የቆመው ክፍያው ነው። ለእኔ ይህ ቅር ይለኛል፣ አልዋሽም። በኡበርና በሁለት ፈረቃ ለሚኖር ቤተሰብ 20 ሺህ ቀልድ አይደለም። ልጁም እኩል ሸክሙን ይሸከማል፣ አባቱ ለማን ብሎ ሥራ ላይ እንደሚያድር ያውቃላ።

ስለዚህ ጉብኝት ስትሄዱ ዋንጫ የተደረደረበትን ሳጥን አይታችሁ አትመለሱ። አሰልጣኙን ጠይቁት፤ ባለፈው ዓመት የጨረሱ ልጆች በሙሉ የት ገቡ? የኮከቡን ስም ከነገራችሁ «ሌሎቹስ?» በሉት። ጄቪ የሚጫወተው ልጅ ማታ የሚያስጠናው አለ ወይ? የገንዘብ ድጋፉ የሚሰጠው በቤተሰብ ገቢ ነው ወይስ በሌላ? ልጄ ጉልበቱ ቢጎዳና መጫወት ቢያቆም ድጋፉ ይቀጥላል ወይ? መልሱን በወረቀት ጠይቁ። አትፍሩ። ነጮቹ ወላጆች ይህንን ሁሉ ይጠይቃሉ፣ ማንም አይቀየማቸውም።

የድጋፍ ማመልከቻውም ከመግቢያው ማመልከቻ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነገር ነው፣ ልጁ ካለፈ በኋላ ብላችሁ አትጠብቁ። የታክስ ወረቀታችሁን አዘጋጁ። በዚያ ግራ የገባችሁ ስንጨርስ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ጋ ነኝ፣ አብረን እናየዋለን።

አሁን ጥያቄ። እጃችሁን አውጡ፣ እህቴ በመጋረጃው በኩል፣ ከእርስዎ ልጀምር።