የመደቡ ጠርዝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምቀዳው ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ካለችው የፎቶ ስቱዲዮዬ ነው። ቤቱ የብሎኬት ቢሆንም ከጀርባዬ በጭድ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ የሚመስል የካርቶን ግድግዳ አለ፤ ከሥሩም መደብ። በእጄ የሠራሁት ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እርሱ ነው።

ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ፋሲል ግቢ አፍንጫህ ሥር እያለ በካርቶን ግድግዳ ምን ያለፋሃል?» ግንቡን እወደዋለሁ፤ ሙሽሮቻችንም ሲያምርባቸው አይቻለሁ። ነገር ግን የነገሥታት ቤት ነው። የብዙዎቻችን አያቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት መደብ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ ነው። ያ ቤት በብሎኬትና በቆርቆሮ እየተተካ ነው። አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር ፎቶ ሲነሳ እርሳቸው በሚያውቁት ግድግዳ ሥር ቢሆን ደስ ይለኛል።

እኔም የጀመርኩት ከግንቡ ነበር። ታትሞ የሚመጣ የጀርባ መጋረጃ ስጠይቅ ዋጋው የሁለት ወር የቤት ኪራዬን የሚያህል ሆነ። ስለዚህ አቡጀዲ ወጥሬ ድንጋዩን አንድ በአንድ ሣልኩ፤ ለእያንዳንዱም በስተቀኙ ጥላ አደረግሁለት። ደንበኛዬን አስቀምጬ መብራቱን ከቀኝ ሳበራ የሰውየው ጥላ ወደ ግራ ወደቀ፤ የድንጋዮቹ ግን ወደ ቀኝ። ፀሐይ ከሁለት አቅጣጫ የወጣች ይመስል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላ በቀለም ሥዬ አላውቅም። ግድግዳው ራሱ ጎርበጥ ካለ ጥላውን መብራቱ ይሠራዋል።

ቀጥዬ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆኑ ሁለት ችፑዶች ጎን ለጎን አቁሜ እውነተኛ ጭቃ መረግሁባቸው። ሲደርቅ አማረ። ቦታ ልናዛውረው ብድግ ስናደርገው ግን እንዳለ ተገሽልጦ ወረደ። ጭቃ ማገር ይፈልጋል፤ ችፑድ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ሲነሳም ይለምጣል። አሁን ማገሬ ጆንያ ነው። አሮጌ ጆንያ ቀድጄ ችፑዱ ላይ በኮላ እለጥፋለሁ፣ ዳር ዳሩን በትንንሽ ምስማር እይዘዋለሁ። ጭቃውንም ቀይሬዋለሁ፤ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድሬ አቦካዋለሁ፤ ከአናጢ ቤት የማመጣውን ሰጋቱራ፣ ኮላና የጤፍ ጭድ እጨምርበታለሁ። ቀለሙ የተነፋ አፈር ነው፤ ከአፈር የተሻለ የአፈር ቀለም አላገኘሁም። ከኮላ በፊት የዱቄት ሙጫ ሞክሬ ክረምቱ ሻጋታ አብቅሎበታል፤ እርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት።

መብራቱ አንድ ነው። ፊት ለፊት ሳበራው ያ ሁሉ ድካም እንደ ወረቀት ልሙጥ ይሆናል። ከጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲያልፍ ሳደርገው ግን እያንዳንዷ የጭድ ስንጥር ጥላ ታወጣለች። ሆኖም አምፖሉን በጣም ማስጠጋት ጉዳት አለው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የግድግዳው አንዱ ጫፍ ከአምፖሉ 1 ሜትር፣ ሌላው 2 ሜትር ከራቀ ወዲያኛው ወገን ይጨልማል። ወደ 3 እና 4 ሜትር ሳርቀው ልዩነቱ በጣም ይጠባል። በጨለመው የፊት ገጽ በኩል ብርሃኑን እንዲመልስልኝ ነጭ ፎም አቆማለሁ፤ በቂ ነው።

መደቡን ያቃናልኝ ግን ሌላ ሰው ነው። አንዲት እናት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ፎቶ ሊነሱ መጡ። አልተቀመጡም። ጎንበስ ብለው የመደቡን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳሰሱትና፦

«ልጄ፣ ይህን አናጢ ነው የሠራው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ምነው?»

«መደብ ስለት የለውም። እጅ ነው የሚጨርሰው።»

እውነታቸውን ነው፤ ጠርዙ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ነበር። ነጠላቸውን አደግድገው ውኃ አስመጡ። ከባልዲ የተረፈውን ቡኮ ዘግነው ጠርዙ ላይ ደመደሙት፤ እርጥብ መዳፋቸውን እያንሸራተቱም አድበለበሉት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ክንዳቸው ከትከሻ እየተነሳ ወደ ታች ሲዞር አራት ጣቶቻቸው አራት ቀጫጭን መስመሮች አስቀሩ፤ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጡ፣ ክንዳቸው እስከደረሰበት ድረስ ብቻ የሚሄዱ። ሌላው ቅስት ከዚያ ይቀጥላል። እኔ በማንኪያ ጀርባ ነበር የለቀለቅሁት፤ ለዚህ ነው ግድግዳዬ የማንም ቤት የማይመስለው የነበረው።

እርሳቸው የነኩትን ክንድ ያህል ቦታ እንዳለ ተውኩት። የቀረውን ቧጥጬ አውርጄ፣ እርሱን እያየሁ በእጄ እንደገና ለቀለቅሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ትከሻዬ አሁንም ያመኛል።

ሲደርቅ ተመልሰው መጡ። የትኛው ጋ ልቀመጥ ብለው አልጠየቁኝም፤ በቀጥታ ሄደው እጃቸው ካረፈበት በኩል ተቀመጡ፣ ትንሿን ልጅ ታቀፏት። መብራቱን ከግራ አበራሁ። ከራሳቸው በላይ አራቱ መስመሮች ብቅ አሉ።