ብርቱካንና ሙዝ ያልተያዘለት ሕመም

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። ውጭ ዝናብ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ። ያለሁት አራት ኪሎ ነው። ክረምት ሲገባ ይሄ ቤት ዝም ብሎ አያውቅም።

ስለምንሠራው ድራማ ነው የማወራችሁ። "የት ደረሰ?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። አራት ሆነን የጀመርነው ተከታታይ ድራማ ነው፤ ስድስት ክፍል አለው። ስፖንሰር የለውም። የሚያሳየው ቴሌቪዥን ጣቢያም የለም። ካሜራው የውሰት ነው። ሁላችንም ሥራ ስላለን የምንቀርጸው ቅዳሜና እሁድ ነው። ታሪኩ የሁለት ጓደኛሞች ነው። አንዱ የአእምሮ ሕመም አለበት። ሌላው ይቅማል፤ ማታ ማታም ይጠጣል። ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ቀን ተሰብስበን ስናነብ፣ የቃሚውን ቦታ የያዘው ልጅ ቆም አለና "ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለኝ። "ይሄ ልጅ ሲታመም እኔ የት ነው ያለሁት? ክፍል ሁለት ላይ አብሬው አለሁ። ክፍል አምስት ላይ መጥቼ አለቅሳለሁ። መሃል ላይ የት ነበርኩ?"

መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን አጠፍኩና "እናስብበት" አልኩት። ማታ ቤቴ ስገባ ነው የገባኝ። የጻፍኩት የራሴን መጥፋት ነው።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ጓደኛዬን አስፈቅጄ ነው። "ስሜን ብቻ እንዳትጠራ" ብሎኛል።

ያደግነው እሪ በከንቱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እንቅማለን። ለምን ሐሙስ እንደሆነ አላስታውስም፤ ብቻ ሐሙስ የእኛ ቀን ነበር። አምስት ሆነን ፍራሽ ላይ እንደረደራለን። ኦቾሎኒ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ ዕጣን ይጨሳል። ምርቃናው ሲመጣ የማይፈታ የአገር ችግር የለም። ሲመሽ ጨብሲ ነው። ይሄን ዙር የሚያውቅ ያውቀዋል። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይ ጂን፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ በማግስቱ ሐራራ።

አንድ ሰሞን ይሄ ጓደኛዬ መተኛት አቆመ። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። "ሬዲዮው ስለ እኔ ነው የሚያወራው" ማለት ጀመረ። ሰፈር ውስጥ የቆመ መኪና ሁሉ እሱን የሚጠብቅ መሰለው። እኛስ ምን አልን? "መርቅኖ ነው" አልን። ሌሊት ባንኖ ሲነሳ "ዱካክ ነው" አልን። ሲቆጣ "ሐራራው ነው" አልን። ለሁሉም ቃል ነበረን። አራት ወር ሙሉ በእነዚህ ቃላት ሸፈንነው። በኋላ የሚሸፈን አልሆነም። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ቃል አመጣን። ለቀቀ። ነካ አደረገው። በዚህ ሁሉ መሃል "ታሟል" ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

ለድራማው ብዬ ነው ስለ ጫት በደንብ ማንበብ የጀመርኩት። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አምፌታሚን ለሚባለው አነቃቂ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ኃይሉ ይቀንሳል። ሻጩ በቅጠል ጠቅልሎ በጥድፊያ የሚያመጣው፣ እኛም ትኩሱን የምንሻማው ለዚህ ነው። እንቅልፍ ይነሳል። ለሕመሙ ተጋላጭ የሆነ ሰው ላይ ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ የጀመረውን ደግሞ ያብስበታል። ግን የሚቅም ሁሉ አይታመምም፤ የታመመ ሁሉም ቃሚ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ተጨንቄ ነበር። እኛ ነን ያሳመምነው? አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ይህን ስጠይቃት ምን አለችኝ፦ "ጫቱ ነው ሕመሙን ያመጣው ወይስ ሕመሙ ነው ጫቱን ያበዛው እያልክ አትድከም። አሁን ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። አብረን ነው የምናክማቸው።"

እናቱ መጀመሪያ የወሰዱት እንጦጦ፣ ጠበል ነው። እኔ ጠበልን የምቃወም ሰው አይደለሁም። እዚያ አብረውት የሚያድሩ፣ አብረውት የሚጸልዩ ሰዎች አግኝቷል፤ ከእኛ ያላገኘውን ማለት ነው። ችግሩ የመጣው በኋላ፣ ኪኒን ከጀመረ ወዲህ ነው። አንድ ሰው "ጠበልና ኪኒን አይሄዱም" አለው፤ ኪኒኑን ጣለው። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ አልፈንበታል። ለኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ ይባል ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ለዚህ ሕመምም ያንኑ ያህል ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው እመኛለሁ።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። ስምንት ወር አልሄድኩም።

ስልኩ ነበረኝ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ፈርቼ ነው። ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ እየቃምኩ ነበር፤ እየቃምኩ እንዴት ብዬ ፊቱ ልቀመጥ?

ምን መሰላችሁ፤ እኛ ሰው መጠየቅ የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን አይገርመኝም ነበር። ግን እናውቃለን። የሰፈር ሰው እግሩ ቢሰበር ብርቱካንና ሙዝ ይዘን እንሄዳለን። ሆስፒታል ቢተኛ በር ላይ ተሰልፈን እንገባለን። "እግዜር ይማርህ" እንላለን። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተከላል፣ ዕድሩ ይወጣል፣ ጎረቤቱ እንጀራ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ሕመም ግን ማንም ብርቱካን አልገዛም። "እግዜር ይማርህ" ያለውም የለም። እንዲያውም የሆስፒታሉን ስም ስድብ አደረግነው። አማኑኤል በጣሊያን ጊዜ የተቋቋመ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም፣ በአንዳንድ ጤና ጣቢያም ሕክምናው አለ። እኛ ግን ልጆች ሆነን ኳስ ላይ ስንጣላ "አማኑኤል ግባ!" ነበር የምንባባለው። የስሙ ትርጉም "እግዚአብሔር ከእኛ ጋር" ማለት ነው።

በመጨረሻ የሄድኩት ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እነሱም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። አምስት ደቂቃ በእግሬ ያልሄድኩበትን ሰው ሁለት ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ብርቱካን ገዛሁ። ማዘር በሩን ከፈቱልኝና ለረጅም ጊዜ አቅፈውኝ ቆሙ። አልተቆጡኝም። እሱ ወፍሯል። ስኒውን ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቱ ነው። ስለ ኳስ አወራን። ስወጣ ማዘር ደረጃው ድረስ ሸኙኝና ቀስ ብለው፣ "ሐሙስ ሐሙስ ይታጠብና ሸሚዝ ይቀይር ነበር፤ እናንተን ብሎ" አሉኝ።

ታክሲ ውስጥ ምን እንዳሰብኩ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ነው ድርሰቱን እንደገና የጻፍኩት። ድራማዎቻችን ላይ ይሄ ሕመም ያለበት ሰው ሁለት መልክ ነው ያለው። ወይ ልብሱ ተቀዶ መንገድ ላይ የሚስቅ ነው፣ ወይ የበደለ ሰው ቅጣቱን የሚቀበልበት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጺሙን ተላጭቶ፣ ነጠላ ለብሶ፣ ድኖ ይወጣል። መሃሉ የለም። ኑሮው ያለው ግን መሃሉ ላይ ነው። ሱስ ያለበት ሰው ለማቆም ወስኖ፣ አቁሞ፣ በሳምንቱ ተመልሶ፣ እንደገና የሚጀምረው መሃሉ ላይ ነው። እኔ ራሴ መቃም ለማቆም አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አራተኛው እስከ ዛሬ ይዞልኛል፤ ሐሙስን ግን እስካሁን እፈራዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ወደ እሱ የምሄደው ለእሱ ብዬ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ክፍል አራት ላይ ምንም አይፈጠርም። ሁለቱ ጓደኛሞች መድኃኒት ሊገዙ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ፋርማሲ የለም ይላቸዋል። ሁለተኛውም የለም። ከጊዮርጊስ ቸርችልን ወርደው ሦስተኛው ጋ ያገኛሉ። ሲመለሱ ሰባ ደረጃን ይወጣሉ፤ ታማሚው ይደክመዋል፣ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ጓደኛውም አጠገቡ ይቀመጣል። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ኤዲት የሚያደርገው ወንድማችን "ሰው ይሄን አያይም፣ እንቁረጠው" አለኝ። ሙያውን አከብርለታለሁ፤ በሌላ ነገር ሁሌም እሰማዋለሁ። ይሄን ግን እንቢ አልኩ። ያ ልጅ መጀመሪያ ቀን የጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ እዚህ ደረጃ ላይ ነው ያለው።

ባለፈው ሐሙስ ይህንኑ ክፍል በላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ አየው። ማዘር ቡናውን ትተው ከኋላችን ቆመው ነበር። ሲያልቅ ፈራሁ። እሱ ግን ወደ ኋላ መልሰው አለኝና አንድ ቦታ ላይ አስቆመኝ። ታማሚው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ኪኒኑን የሚውጥበት ቦታ ነው።

"ይሄ ልክ አይደለም" አለኝ። "ይሄ ኪኒን ያስተኛል። እኔ ማታ፣ እራት በልቼ ነው የምወስደው። ቀን ደረጃ ላይ ከዋጠው እንዴት ብሎ ቤቱ ይገባል?"

ልክ ነው። ስድስት ሰው አንብቦት ማናችንም አላሰብነውም።

"እንደገና እንቀርጸዋለና" አልኩት።

"መቼ?"

"ቅዳሜ።"

"እመጣለሁ" አለ። "እኔ ባለሁበት ይሁን።"

እና ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ሰባ ደረጃ ላይ ነን። ዝናቡ ካልከለከለን ማለቴ ነው። ማዘር ዳቦ ጋግሬ እልካለሁ ብለዋል። ደህና እደሩ።