ስድስት ቀን የተሰካች መኪና

ጤና ይስጥልኝ! የአየር ማረፊያ ፓርኪንግ የምታስተዳድሩም፣ መኪናችሁን እዚያ አቁማችሁ የምትበሩም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። የምነዳው ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ነው። ከሶኬት የሚሞላ ባትሪም አላት፣ ቤንዚንም ትጠጣለች። አንድ ጊዜ ለስድስት ቀን ጉዞ አየር ማረፊያ ስደርስ፣ ተርሚናሉ በር አጠገብ ቻርጀር ያለው ቦታ ክፍት አገኘሁ። ምልክቱ «ለሚሰኩ መኪኖች ብቻ» ይላል። የኔም ትሰካለች። ገመዱን ሰካሁ፣ ቆለፍኩ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ገባሁ።

ስመለስ ከዝናብ መጥረጊያው ስር የታጠፈች ወረቀት ጠበቀችኝ። «ስክሪኑ እንደሚለው መኪናዎ ከሞላች ሦስት ቀን አልፏታል። እኔ ቤቴ የሚያደርሰኝ ቻርጅ የለኝም። መልካም ጉዞ።»

ያቺ «መልካም ጉዞ» ናት ያንገበገበችኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ምልክቱ ፈቅዶልኛል፣ ንቀል ያለኝ ሰው የለም፣ ደግሞ አየር ላይ ሆኜ ምን ላድርግ? ቤቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። በነገራችን ላይ፣ ያን ሁሉ መንገድ በኤሌክትሪክ ነው የነዳሁት። ሙግቱን ያበላሸብኝም እሱ ነው።

አየር ማረፊያና ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ሲበዛ ይገጣጠማሉ። አብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች በባትሪ ብቻ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። አየር ማረፊያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚሠራው። ቤት ሞልታ የተነሳች መኪና እዚያ ስትደርስ ባትሪዋ ሊያልቅ ደርሷል። ካልተሰካች፣ ከቀናት በኋላ ሞተሯ ቀዝቅዞ ትነሳና በቤንዚን ትመለሳለች። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው ይበልጥ የሚበክለው። የጭስ ማጣሪያው ካልሞቀ ሥራውን በወጉ አይሠራም።

ስለዚህ እዚያ ቻርጅ ማግኘታችን ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው ምን ዓይነት ቻርጅ ነው የሚለው ነው።

አሁን ትንሽ ሂሳብ ልሥራ፣ ታገሱኝ። የአንድ እንዲህ ያለ መኪና ባትሪ 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል እንበል። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረን ከሶኬቱ 15 እንውሰድ። መኪናዋ አምስት ቀን ትቆማለች፤ 120 ሰዓት ማለት ነው። 15ን ለ120 ስናካፍል 125 ዋት ይመጣል። ሁለት የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖሎች ሲበሩ የሚወስዱትን ያህል ነው። መጀመሪያ ያገኘሁትን መልስ አላመንኩም፣ ደግሜ ሠራሁት።

መኪና በ125 ዋት ቻርጅ አይደረግም፣ ልክ ናችሁ። በተለመደው አሠራር ቻርጀሩ ለመኪናዋ ሊሰጣት የሚችለው ትንሹ መጠን 6 አምፔር ነው። በ230 ቮልት 1.4 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የኔ መኪና በ11 ሰዓት ውስጥ ትሞላለች፤ አንድ ሌሊት በቂዋ ነው። እናም ብልሃቱ ተራ ማስያዝ ነው። አንድ ባለ 22 ኪሎዋት መስመር 15 መኪኖችን ባንዴ ይመግባል። እነሱ ሲሞሉ ቀጣዮቹ 15 ይገባሉ። በአምስት ቀን ውስጥ፣ በወረቀት ላይ፣ ከ150 በላይ መኪኖች ይሞላሉ። ዛሬ ያንኑ መስመር በር አጠገብ አንድ ቻርጀር ላይ አድርገን አንድ ሰው ስድስት ቀን ይተኛበታል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የኔ መኪና በፍጥነት ልዋጥ ብትል እንኳ አትችልም። የብዙ ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች የውስጥ ቻርጀር ከ3.3 እስከ 3.7 ኪሎዋት ነው የሚቀበለው። ቻርጀሩ 22 ቢሰጥም እሷ የምትወስደው የአቅሟን ነው። ብዙዎቹ ደግሞ የፈጣን ቻርጀር መሰኪያ የላቸውም። ባትሪ ብቻ ያላት መኪና ግን ባዶ ከሆነች ባዶ ናት፣ ቤንዚን አታድናትም። እኔ ቢቸግረኝ ማደያ እገባለሁ። ወረቀቷን የጻፈው ሰው የት ይገባል?

እዚህ ላይ ወዳጆቼ የሆናችሁ ሃይብሪድ ነጂዎች ትቀየሙኝ ይሆናል። በር አጠገብ የሚሰጠን ቦታ ይቅርብን። ሻንጣ ይዞ አምስት ደቂቃ መራመድ ማንንም አልገደለም። ያ ቦታ እግሩን ለሚያመው፣ ሕፃን ለያዘ፣ ወይም ሰው አድርሶ ቶሎ ለሚመለስ ይሁን። ለኛ ሩቁ የረጅም ጊዜ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በየምሰሶው ላይ ተራ ሶኬት ይበቃናል።

ለነዚህ መኪኖች በሚሰጠው ነፃ ፓርኪንግ ላይም ቅሬታ አለኝ። ይህ ዓይነቱ ጥቅም የታሰበው መኪኖቹ ብርቅ በነበሩበት ዘመን ነው። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ፕለግ ኢን ሃይብሪድ፣ የቻይናው መኪና አምራች የቢዋይዲ ኤፍ3ዲኤም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ነው ቻይና ውስጥ ለገበያ የወጣው። ያኔ ገዢን ማባበል ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ማባበያው እየቀረ ነው። ሻንጋይ ለነዚህ መኪኖች በነፃ ትሰጠው የነበረውን ታርጋ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ አቁማለች። ምክንያት ሞልቷል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ሪፖርት፣ እነዚህ መኪኖች መንገድ ላይ የሚለቁት ካርቦን በላቦራቶሪ ከተለካው 3.5 እጥፍ ያህል እንደሆነ ያሳያል። ዋናው ጉዳይ ግልጽ ነው፤ ብዙዎቻችን አንሰካም። ገመዱ ከነላስቲኩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተቀመጠበት መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ የአረንጓዴ መኪና ቅናሽ ያገኛል።

እናም የፓርኪንግ ኃላፊዎች፣ ቅናሹን መሰኪያ ስላላት ብቻ ለመኪናዋ አትስጡ። ለሰካ ስጡ። ቆጣሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ ይናገራል፣ ቅናሹ በዚያ ልክ ይሁን። ሌላው ነገር የመመለሻ ቀን ነው። ቦታ ስንይዝ በረራችን መቼ እንደሚመለስ ጠይቁን። ሐሙስ የምመለስ ከሆነ መኪናዬ ረቡዕ ሌሊት ትሙላ። እስከዚያ ተራውን ሌላ ይጠቀምበት። ይህ ለኔም ይበጀኛል። ሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሙቀት ላይ ለቀናት ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል። ያን ሳላውቅ በገዛ እጄ ባትሪዬን ስጎዳ ከርሜያለሁ።

ቁልፍ ተቀብላችሁ መኪና የምታቆሙ አስተናጋጆች ያሏችሁ ደግሞ ሥራችሁ ቀላል ነው። ነቅሎ መሰካት የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ያቺ ወረቀት እስካሁን ክሩስኮቱ ላይ አለች። ፀሐይ መትቷት ጽሑፉ ደብዝዟል። የጻፍካት ወይም የጻፍሻት ሰው ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ይቅርታ። መኪናዬ ዛሬ ውጭ፣ ከበሩ ራቅ ብላ ነው የቆመችው። አልተሰካችም፤ ማታ ቤት ሞልቻት ነው የመጣሁት።