«ራበኝ» ሲባል ባለቤቱ ማን ነው?

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ውድ እንግዶቻችን፤

በዚህ የሰኔ ዝናብ ከአዘዞም ከማራኪም ተነሥታችሁ በጡረታ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ አገልግሎት ዘመኔ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። የዚያ ምስክሮች እናንተው ናችሁና እሱን ልተወውና፣ ሳልከፍላት የቆየች አንዲት ዕዳ ስላለችብኝ ስለ እሷ ልናገር።

ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ለሰባተኛ ክፍል የሰዋስው ፈተና አወጣሁ፤ «ከሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ባለቤቱን አውጡ» የሚል። አንዱ ዓረፍተ ነገር «ትናንት ማታ በጣም ራበኝ» ነበር። ክፍሉ በሙሉ «እኔ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ደብተሯን በጋዜጣ የለበደች አንዲት ልጅ ብቻ «ረሀቡ» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት። ወረቀቷን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና «ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግሁ? እሱ ነው እንጂ የመጣብኝ» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በእንግሊዝኛው ባለቤቱ የተራበው ሰው ስለሆነ በአማርኛውም እንዲያው ይሆናል ብዬ ነጥቧን ነፈግኋት።

ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። «ራበኝ»ን ፈታ አድርጋችሁ እዩት። ግሡ እንደ «መታ» በሦስተኛ መደብ የቆመ ነው፤ «-ኝ»ም «መታኝ» ላይ ያለችው ያችው የተሳቢ ምልክት ናት። በረደኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ገረመኝ፣ ደስ አለኝ፤ በእነዚህ ሁሉ ሰውየው ነገር የሚደርስበት እንጂ ነገር የሚያደርስ አይደለም። ዘመዱ ግእዝ እንዲህ አይልም። ጌታ በመስቀል ላይ «ጸማእኩ» አለ፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ያንኑ ተከትሎ «ተጠማሁ» ይላል። ዳገት ስንወጣ ግን ማናችን «ተጠማሁ» እንላለን? ፈረንሳይኛ «ረሀብ አለኝ» እንደ ማለት አድርጎ ረሀቡን እንደ ንብረት ይይዘዋል። ኦሮምኛ «ና ቤላኤ» ሲል፣ «ና» «እኔን» ማለት ነውና፣ ከእኛ ጋር በአንድ ወገን ይቆማል።

ከዚህም የረቀቁት «-ልኝ» እና «-ብኝ» ናቸው። የደንቢያ ገበሬ ጤፉን ዘርቶ ሲጨርስ የመጣውን ዝናብ «ዘነበልኝ»፣ አጭዶ ሳይከምር የመጣውን «ዘነበብኝ» ይለዋል። ቅድም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኋችሁ፤ ባለዕዳው እኔ፣ ከፋዩ እግዚአብሔር፤ ይህን ሁሉ የተሸከመችው ያቺ «-ልኝ» ናት። ጃፓንኛ የገበሬውን ምሬት በተደራጊ ግሥ ይናገረዋል፤ «አሜ ኒ ፉራሬታ» ቃል በቃል «በዝናብ ተዘነብሁ» እንደ ማለት ነው። ብርጭቆ ያመለጠው የስጳንኛ ተናጋሪም እንደ እኛ ልጅ «ተሰበረብኝ» ሲል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ሰበርሁት» ማለት ይቀናዋል። ተመራማሪዎች ለእነዚህ ለሁለቱ ወገኖች ሳይታሰብ የደረሱ ጥፋቶችን አሳይተው ማን እንዳደረሳቸው ሲጠይቁ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አድራጊውን አብልጠው አስታውሰዋል፤ ሆን ተብሎ በተደረገው ላይ ግን ሁለቱም እኩል ነበሩ። በዚህ ተነሥቼ ሰዋስው ሐሳብን ያስራል አልልም፤ ፈረንጁም ቢሆን ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይሰማዋል። ማንን ተጠያቂ አድርገን እንደምንናገር ግን ከልጅነታችን ያስለምደናል።

ታዲያ እኛ መምህራኑ ምን እያደረግን ነው? ሊቃውንቱ በየቅኔ ቤቱ የግእዙን ስምንት የግሥ አርእስት ለይተው ርባውን በቃል ሲያስጠኑባት በኖሩባት ከተማ ተቀምጠን፣ ለገዛ አማርኛችን ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ሠንጠረዥ እናድላለን! በሠንጠረዡ ያልገባውን ስሕተት ብለን ኤክስ እናደርግበታለን! ከዚያም ልጆቻችን «ስላገኘሁህ ደስ ብሎኛል» ማለትን ትተው «ደስተኛ ነኝ ስላገኘሁህ» ሲሉ እንሥቅባቸዋለን። ማን አስተማራቸው? እኛ! ከሁሉም በፊት እኔ!

ስለ ቃላት ቅደም ተከተልም ላነሣ አስቤ ነበር። ግእዙ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ብሎ ግሡን ከባለቤቱ ሲያስቀድም፣ አማርኛው «ፈጠረ»ን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል፤ ይህም ከአገው ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖር የመጣ ነው የሚሉ አጥኚዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ቅማንትኛ እዚሁ አጠገባችን አለ፤ የሚናገሩት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ከወጣቶቹ መምህራን አንዳችሁ ደብተር ይዛችሁ ብትሄዱ ምኞቴ ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። የነፈግኋትን አንድ ነጥብ በፊታችሁ መልሼላታለሁ። ይቅርታ፣ ሰዓቱም ሄደብን፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝብን እዚህ ላይ ላብቃ።