ኢፔልን ማን ነው የሚያስተዳድረው? ማንንም ማዘዝ ስለማይችለው ኮሚቴ

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እንደተለመደው ከሐዋሳ ነኝ፣ ዛሬ ስለ ኢፔል ነው የማወራችሁ፣ ሬድ ሃት በሚባለው ድርጅት ሊኑክስ ላይ የሌሉ ተጨማሪ ፓኬጆች፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞች፣ የሚገኙበት ሪፖ (የፓኬጅ ማከማቻ) ነው። ራሱን ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስን ወይ ከሱ ጋር የሚመሳሰሉትን ሮኪ ሊኑክስን ወይ አልማ ሊኑክስን የጫነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኤችቶፕ ልጫን ትላላችሁ፣ የለም። ፌይልቱባን ትላላችሁ፣ የለም። ሰርትቦት ትላላችሁ፣ እሱም የለም። ከዛ የሆነ ጓደኛ "ኢፔልን አስገባ" ይላችኋል፣ ዲኤንኤፍ ኢንስቶል ኢፔል-ሪሊስ የሚለውን የመጫኛ ትዕዛዝ ጽፋችሁ ኢንተር ትመታላችሁ (ሬድ ሃት ራሱ ላይ ትዕዛዙ ትንሽ ይለያል)፣ በቃ ሁሉም ይመጣል። ከመጣ በኋላ ደግሞ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ዛሬ እሱን ነው የምጠይቀው፣ ማነው የሚሰራቸው፣ ማነው ይግባ አይግባ የሚለው፣ ሲበላሽስ ማን ጋር ነው የሚኬደው?

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ኢፔል ፌዶራ የሚባለውን ሊኑክስ በሚሰራው የፌዶራ ፕሮጀክት ስር ያለ ሪፖ ነው፣ ከ2007 ጀምሮ አለ (የማወራው በፈረንጆቹ ነው)፣ የሚመራው የኢፔል ስቲሪንግ ኮሚቴ የሚባል ቡድን ነው፣ ከሱ በላይ ደግሞ ፌስኮ የሚባለው የፌዶራ የኢንጂነሪንግ ኮሚቴ አለ። ስብሰባው ክፍት ነው፣ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። አጭሩ ይሄ ነው፣ ግን አጭሩ መልስ ብዙ አያስረዳም፣ ስለዚህ ወደ ዕድር ልውሰዳችሁ።

ዕድርን የማያውቅ የለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ታገሱኝ። እዚህ ታቦር ክፍለ ከተማ ያለ አንድ የሰፈር ዕድር አስቡ። እቃ ቤት አለው፣ በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ውስጡ ድንኳን፣ የድንኳን ብረት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ያ ሁለት ሰው የሚሸከመው ብረት ድስት፣ ደግሞ የተደራረበ ሳህን፣ ሳህኑን ገልበጥ ስታደርጉት ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም የዕድሩ ስም አለ። ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ይወጣል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል። አሁን ልብ በሉ፣ ዕድሩ የሚያመጣው ቤቱ የሌለውን ነገር ነው። ሐዘንተኛው ቤት ገብቶ አልጋውን አውጥቶ የራሱን አልጋ አያስገባም፣ የእማማን ድስት አንስቶ በራሱ አይተካም። ሳሎኑ የባለቤቱ ነው፣ ደጅ ያለው ድንኳን የዕድሩ ነው።

የኢፔል ትልቁ ህግ ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ። ኢፔል ውስጥ ያለ ፓኬጅ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ራሱ ይዞት የመጣውን ፓኬጅ መተካት ወይ ከሱ ጋር መጋጨት አይችልም። ሌሎች ሪፖዎችን ጨምራችሁ አፕዴት ስታደርጉ የሲስተሙ ላይብረሪ ተቀይሮ ሰርቨሩ ሲተራመስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ኢፔል ላይ ያ እንዳይሆን ነው ህጉ የቆመው። ሬድ ሃት ደግሞ አንድ ቀን "ይሄን ፓኬጅ እኔ ራሴ አቀርባለሁ" ካለ ኢፔል የራሱን ከሪፖው ያስወግዳል፣ ልክ ባለቤቱ የራሱን ድንኳን ሲገዛ ዕድሩ የሱን አጣጥፎ ወደ እቃ ቤት እንደሚመልሰው ማለት ነው።

እዚህ ጋ ግን ከዕድር ይለያል፣ ለኔ የጉዳዩ ዋና ነገርም እዚህ ጋ ነው። ዕድር ቅጣት አለው፣ ቀብር ካልወጣህ ትከፍላለህ። ኢፔል ቅጣት የለውም። ኮሚቴው ተነስቶ "አንተ ይሄን ፓኬጅ ስራ" ብሎ ማዘዝ አይችልም፣ ሜይንቴነሩ፣ ማለትም ፓኬጁን የሚይዘው ሰው፣ በጎ ፈቃደኛ ነው። ፌዶራ ውስጥ ያለ ፓኬጅ ሁሉ በራሱ ኢፔል ውስጥ አይገባም፣ እኔ እይዘዋለሁ ያለ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው የሚገባው። ታዲያ ኮሚቴው ምኑን ነው የሚያስተዳድረው? ቃሉን ነው። ለናንተ የተገባውን ቃል፣ አይጋጭም፣ ድንገት አይገለባበጥም የሚለውን።

እሺ፣ ባለፈው ቪዲዮ ስር ሰዎች ደጋግመው የጻፉት አንድ ነገር አለ፣ ማለፍ አልቻልኩም። "ኢፔል የሬድ ሃት ነው፣ ድርጅታችን ለሬድ ሃት ይከፍላል፣ ስለዚህ ችግር ካለ ሬድ ሃት ይፈታዋል" የሚል። አይደለም። አይደለም ወገኖቼ። እርግጥ ነው ሬድ ሃት የፌዶራ ዋና ስፖንሰር ነው፣ ሰርቨሮቹን ይደግፋል፣ ኢፔል ላይ የሚሰሩ የሬድ ሃት ተቀጣሪዎችም አሉ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን የምትከፍሉት ሰብስክሪፕሽን ኢፔልን አይሸፍንም። ከኢፔል የመጣ ፓኬጅ ሌሊት ላይ ቢወድቅባችሁ በውላችሁ የሚመልስላችሁ የለም፣ ያላችሁ የፓኬጁ ሜይንቴነር ነው፣ እሱ ደግሞ ቀን ሌላ ስራ ሊኖረው ይችላል። ይሄን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እኔም ራሴ ኢፔልን በየሰርቨሩ እጠቀማለሁ። ግን ባንክ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰርቨር የምትይዙ ልጆች፣ የትኛው ፓኬጅ ከየት እንደመጣ እወቁ፣ ዲኤንኤፍ ሊስት ኢንስቶልድ በሉ፣ በቀኝ በኩል ያለው ረድፍ ይነግራችኋል። ስራችሁ የቆመበትን ፓኬጅ ሜይንቴነሩ ማን እንደሆነ ፈልጉ፣ ብቻውን ከሆነ አግዙት።

ሌላኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፣ "ኮሚኒቲ ከሆነ ማንም የፈለገውን ይጥልበታል" የሚለው። እሱም አይደለም። አዲስ ፓኬጀር (ፓኬጅ የሚያዘጋጅ ሰው) ስፖንሰር የሚሆነው ነባር ሰው ያስፈልገዋል፣ አዲስ ፓኬጅ ሪቪው ይደረጋል፣ ቢልዱ ኮጂ በሚባለው ሲስተም ላይ ከሶርስ ኮዱ ይሰራል፣ በቁልፍ ይፈረማል፣ ከዛ ቦዲ በሚባለው በኩል ቴስቲንግ ሪፖ ውስጥ ለሳምንት ይቆያል፣ ሰው ሞክሮ ጥሩ ነጥብ ከሰጠው ቀድሞም ሊወጣ ይችላል። ኢፔል 10 ላይ ደግሞ ለየንዑስ ቨርዥኑ ለብቻው ቅርንጫፍ አለ፣ 10.0፣ 10.1 እያለ፣ ፊት ፊት የሚሄደው ሴንትኦኤስ ስትሪም 10ን፣ ማለትም የሚቀጥለው ሬድ ሃት ንዑስ ቨርዥን የሚዘጋጅበትን ሊኑክስ፣ ይከተላል። ሲአርቢ የሚባለውን፣ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣ ግን ተዘግቶ የሚቆይ ሪፖ መክፈት እንዳትረሱ፣ ብዙ ፓኬጅ የሱ ጥገኛ ነው። በቃ ይሄን በፍጥነት አለፍኩት፣ የዲኤንኤፍ መሰረታዊ ቪዲዮ ቻናሉ ላይ አለ፣ ሰብስክራይብም አድርጉ እግረ መንገዳችሁን።

የኮሚቴው ስራ በደንብ የሚታየው ግን ፓኬጅ ሲያረጅ ነው። የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ አንድ ሜጀር ቨርዥን 10 ዓመት ይኖራል፣ ሬድ ሃት 8 በ2019 ወጥቶ እስከ 2029 ማለት ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ አንድን ሶፍትዌር 10 ዓመት ያቆየዋል? የሶፍትዌሩ ሰሪዎች ራሳቸው አሮጌውን ቨርዥን ከተዉት ቆይተዋል፣ የሴኩሪቲ ቀዳዳ ተገኘ፣ መፍትሄው ያለው አዲሱ ቨርዥን ላይ ብቻ ነው፣ አዲሱ ደግሞ የድሮውን ኮንፊግ ፋይል አያነብም። ቢያሳድገው የናንተን ሰርቨር ይሰብራል፣ ቢተወው ቀዳዳው ክፍት ነው። በኢፔል ደንብ ሜይንቴነሩ ይሄን ብቻውን አይወስንም፣ ለምን ማሳደግ እንዳለበት በግልጽ ያቀርባል፣ ቢያንስ ለሳምንት ሰው ይወያይበታል፣ ከዛ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ድምጽ ይሰጥበታል፣ ከጸደቀም ለተጠቃሚው ማስታወቂያ ይወጣል። ይሄን አካሄድ በጣም ነው የምወደው። ቀርፋፋ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ሰርቨሬ ከሚሰበር ሳምንት ብጠብቅ እመርጣለሁ።

ማስታወቂያውን የማያነብ ግን አይጠቀምም። ኢፔል 7 ከሬድ ሃት 7 ጋር በጁን 30፣ 2024 ተዘግቷል፣ እዚህ ከተማ አሁንም ሴንትኦኤስ 7 ላይ የሚሰራ ሰርቨር አያለሁ፣ ለሱ ከዛ ወዲህ ከኢፔል አንድም የሴኩሪቲ አፕዴት አልመጣለትም። እባካችሁ ወደ አዲስ ቨርዥን አሻግሩት።

የምትፈልጉት ፓኬጅ ኢፔል 10 ላይ ከሌለስ? ቴሌግራም ላይ ማማረር ፓኬጅ አያመጣም። ፌዶራ በሚጠቀምበት የሬድ ሃት ባግዚላ (ጥያቄና ችግር የሚመዘገብበት ሳይት) ላይ አካውንት ክፈቱ፣ በፓኬጁ ስም ጥያቄ ጻፉ፣ "እባክህ ለኢፔል 10 ቅርንጫፍ ክፈትለት" በሉ፣ በትህትና። ሜይንቴነሩ ለሳምንት ዝም ካለ ድጋሚ ጠይቁ። አሁንም ሌላ ሳምንት ዝም ካለ ደንቡ መንገድ አለው፣ ፓኬጁን ልይዝ ዝግጁ ነኝ የሚል ፓኬጀር ቲኬት ከፍቶ መብቱን ይቀበላል፣ አንድ ሰው ስለጠፋ ፓኬጁ ተቆልፎ አይቀርም። ያ ፓኬጀር ከናንተ አንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለሱ ነው፣ ስፔክ ፋይል (ፓኬጁ እንዴት እንደሚሰራ የሚገልጸውን ፋይል) ከዜሮ ጀምረን እንጽፋለን፣ የትኛውን ፓኬጅ እንደምትፈልጉ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ብዙ ሰው የጠየቀውን ይዘን እንሰራለን።