የተጎዳ ሰው ሠራሽ ሳር ሳይነቀል እንዲጠገን

ክቡራትና ክቡራን፣ የካፌና የሆቴል ባለቤቶች፣ የአጸደ ሕፃናት ኃላፊዎች፣ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በየካፌው በረንዳ፣ በየሕንፃው ጣሪያና በየሕፃናቱ መጫወቻ ሰው ሠራሽ ሳር ተነጥፏል። አንድ ቦታ ሲቃጠል ወይም መጋጠሚያው ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «ሙሉውን ንቀሉና አዲስ አንጥፉ» የሚል ነው። በዚህ አንስማማም። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። የተነቀለው ሳር ፕላስቲክ፣ ላቴክስ (ክሩን ከጀርባ የሚይዘው ሙጫ) እና አሸዋ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ስለሆነ መልሶ ለመጠቀም ያስቸግራል፤ መጨረሻው ቆሼ ነው። ደግሞ ጉዳቱ ከሥሩ ካለው መሬት የመጣ ከሆነ አዲሱም ሳር እዚያው ቦታ ላይ መበላሸቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ሳሩን መርምሩት። ፀሐይ በብዛት የሚያገኘውን ክር በጣት አሹት። ከተፈረፈረ ወይም የጀርባው ጨርቅ ሳብ ሲያደርጉት ከተቀደደ፣ ዕድሜው አልቋልና ጥገና ላይ ገንዘብ አታውጡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የፀሐይ ጨረሯ ብርቱ ነው፤ በቂ የጨረር መከላከያ ያልተጨመረበት ሳር ቶሎ ይሰባበራል። ክሩ ሲታጠፍ የማይሰበር ከሆነ ግን ሳሩ ገና ያገለግላል።

በከተማችን ቃጠሎ የሚመጣው በዋናነት ከቡና ከሰል ነው። የሳሩ ክር ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ የጋመ ከሰል ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከምድጃው ሥር ቆርቆሮ ማድረግ አይበቃም፣ ቆርቆሮ ሙቀት ያስተላልፋልና። ሴራሚክ አንጥፉና ምድጃውን እግር ባለው ማስቀመጫ ላይ ከፍ አድርጉት። ሌላው ምክንያት የመስታወት ሕንፃዎች ነጸብራቅ ነው። ሳሩ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በመስመር ከቀለጠ፣ መጀመሪያ መስታወቱን በመጋረጃ ወይም በማያንጸባርቅ ፊልም ሸፍኑ፤ አለዚያ ጥገናውም ይቀልጣል።

የክሩ ጫፍ ብቻ ከተለበለበ በመቀስ መከርከም ይበቃል። እስከ ጀርባው ከቀለጠ ግን መጣፍ አለበት። መጣፊያውን ከአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ወይም ከማይታይ ጥግ ቁረጡ፤ አዲስ ጥቅል ፀሐይ ካጠወለገው ሳር ጋር በቀለም አይገጥምም። ከጉዳቱ ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ አራት ማዕዘን አውጡ። ክብ አትቁረጡ፤ የክሩ ረድፎች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ክብ ቁራጭ ረድፍ ያቋርጣል፣ ጠርዙም ይረግፋል። ሳሩን ገልብጣችሁ በብረት ማስመሪያና በሹል ከተር ከጀርባው በኩል በሁለት ረድፎች መካከል ቁረጡ። የመጣፊያው ክር የሚያዘነብልበት አቅጣጫ ከነባሩ ጋር አንድ ይሁን። በተቃራኒው ከተቀመጠ ከሩቅ ሌላ ቀለም ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጥገና የሚያስቀይመው ይህ ነው።

ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የመጋጠሚያ ጨርቅ በየጠርዙ ሥር ግማሽ በግማሽ አስገቡ። ማጣበቂያው ሁለት ክፍል ያለው፣ ሙጫውና ማጠንከሪያው ተቀላቅለው የሚሠሩበት ፖሊዩሬቴን ይሁን፤ ማስቲሽ በቀትር ሙቀት ይላላል። ለአንድ ሜትር መጋጠሚያ ከ300 እስከ 500 ግራም ይበቃል። በማጣበቂያው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን የሁለቱን ክፍሎች መጠን ጠብቁ፤ «ቶሎ ይድረቅ» ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ማጣበቂያውን ተሰባሪ ያደርገዋል። ጥርስ ባለው እስፓቱላ ቀቡና ሁለቱን ጠርዞች 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ትታችሁ አገናኙ። ሥር የተያዘውን ክር በሚስማር እያወጣችሁ በአሸዋ ከረጢት ተጫኑት፤ 24 ሰዓት ሰው አይርገጠው።

ይህን ሥራ ክረምት ላይ አትጀምሩ። ፖሊዩሬቴን እርጥበት ሲያገኝ አረፋ ይሠራል፣ መያዙም ይደክማል። ኮንክሪት ላይ ከሆነ ማታ ፕላስቲክ ዘርጉና ጠርዙን በፕላስተር አሽጉ፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ከታየ ኮንክሪቱ አልደረቀም። ጣሪያ ላይ ደግሞ ሚስማር ፈጽሞ አትምቱ። ውሃ መከላከያው ይበሳና የታችኛው ፎቅ ያፈሳል።

መጋጠሚያ በራሱ ሲከፈት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አቧራ ላይ የተቀባ ማጣበቂያ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ገልጣችሁ አሮጌውን ፋቁ፣ ጥረጉ፣ ከዚያ አዲስ ጨርቅ አስገቡ። በቦሌ አካባቢ ግን ጥቁር ኮቲቻ አፈር አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያውንም ይዞ ይወጣል። እዚያ ሙጫ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የሰጠመውን ቦታ ግለጡ፣ ኮቲቻውን አውጡ፣ 10 ሴንቲ ሜትር የተፈጨ ጠጠር በሁለት ዙር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፣ ውሃው ወደ ቦይ እንዲወርድ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ስጡት።

የተኛ ሳር ጥገና አያሻውም። በጠንካራ ናይለን መጥረጊያ በተቃራኒው ጥረጉና በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ታጥቦ የደረቀ አሸዋ በትኑበት። ጭቃ ያለው አሸዋ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ የሽቦ ብሩሽም ክሩን ይበጥሳል።

አዲስ ሳር የምታስነጥፉ ካላችሁ ከአንጣፊው ጋር ስትዋዋሉ ቢያንስ 2 ካሬ ሜትር ትራፊ እንዲተውላችሁ ጠይቁ። ትራፊውን መጋዘን አታስገቡት። ከዋናው ጋር እኩል ቀለሙ እንዲለቅ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እያየው ይቆይ።

እናመሰግናለን።